በፕሬዚዳንቶች መካከል የቆመው የሠራተኞች መሪ፤ ስለ ኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ ፎቶግራፎች

ኦገስት 28 ቀን 1963 ዓ.ም. ከቀትር በኋላ በዋሽንግተን ከተማ በዋይት ሐውስ ውስጥ የተነሡት ፎቶግራፎች በአሜሪካ የታሪክ መጻሕፍት ውስጥ ደጋግመው ከታተሙት ሥዕሎች ወገን ናቸው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነሐሴ 22 ቀን 1955 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ከዚህ በታች የተጠቀሱት ቀኖችና ዓመታት ግን ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው። ከፎቶግራፎቹ አንዱን ያነሣው ዋረን ሌፍለር የተባለ የዜና መጽሔት ባለሙያ ሲሆን፣ ሥራው ዛሬ በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሌላውን ያነሣው ሴሲል ስቶውተን የፕሬዚዳንቱ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ነበረ፣ የእርሱ ሥራ በቦስተን በኬኔዲ ቤተ መዛግብት ተጠብቋል።

በሥዕሉ ላይ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። የአንባቢ ዓይን አስቀድሞ የሚፈልገው ሁለቱን፣ ፕሬዚዳንት ኬኔዲንና ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግን ነው፤ ሁለቱ ግን ጎን ለጎን አልቆሙም። ከፕሬዚዳንቱ ጎን የቆመው ረጅሙ፣ ፀጉረ ነጩ፣ የ74 ዓመቱ ሽማግሌ ኤሳ ፊሊፕ ራንዶልፍ ነው። በፕሬዚዳንቱ በሌላው ወገን የአውቶሞቢል ሠራተኞች ማኅበር ፕሬዚዳንት ዎልተር ሮይተር፣ ከኋላም ምክትል ፕሬዚዳንቱ ሊንደን ጆንሰን ይታያሉ። እንግዲህ በዚያ ዕለት ለአሜሪካ ፕሬዚዳንት እጅግ ቀርበው የቆሙት ሁለት የሠራተኞች ማኅበር መሪዎች ነበሩ ማለት ነው። ይህ ነገር ከሥዕሉ ሥር በሚጻፈው አጭር መግለጫ ዘወትር ይታለፋል። ራንዶልፍ «የሲቪል መብት መሪ» ተብሎ ከሌሎቹ ጋር በአንድነት ይቆጠርና፣ ወደዚያ ክፍል ያደረሰው የ38 ዓመት የማኅበር ሥራ ከሥዕሉ ጠርዝ ውጭ ይቀራል።

ራንዶልፍ በ1889 ዓ.ም. በፍሎሪዳ ክፍለ ግዛት ክሬሰንት ሲቲ በተባለች ከተማ ከአንድ ቄስ ቤት ተወልዶ በጃክሰንቪል አደገ። በ1911 ዓ.ም. ወደ ኒውዮርክ ሄዶ በሐርለም ተቀመጠ፤ በ1917 ዓ.ም. ከቻንድለር ኦወን ጋር «ዘ ሜሴንጀር» የተባለውን መጽሔት አቋቋመ። መጽሔቱ የሶሻሊስት አቋም የነበረው ሲሆን፣ ለመቆየት የቻለው ባለቤቱ ሉሲል ከፀጉር ማስጌጫ ቤቷ በምታገኘው ገንዘብ ጭምር ነበር። ራንዶልፍ ራሱ የባቡር ሠራተኛ ሆኖ አያውቅም። የመኝታ ፉርጎ አሳላፊዎች መሪ ይሆን ዘንድ የመረጡትም በዚሁ ምክንያት ነበር፤ የኩባንያው ደመወዝተኛ ያልሆነን ሰው ኩባንያው ከሥራ ሊያባርረው አይችልምና።

ስለ አሳላፊዎቹ ሥራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ያለዚህ ፎቶግራፎቹ ትርጉም አያገኙም። የፑልማን ኩባንያ የመኝታ ፉርጎዎችን ሠርቶ ለባቡር መሥመሮች ያከራይ ነበር፤ ከፉርጎውም ጋር አሳላፊውን አብሮ ያቀርባል። ኩባንያው ከእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ከባርነት የወጡትን ጥቁሮች ለዚህ ሥራ መረጠ፤ በኋላም በአገሪቱ ውስጥ ጥቁሮችን በብዛት በመቅጠር የሚወዳደረው አልነበረም። አሳላፊው አልጋ ያነጥፋል፣ ጫማ ይጠርጋል፣ ሻንጣ ይሸከማል፣ ሌሊቱን ደወል ሲደወል ይነሣል። በወር 400 ሰዓት ያህል ወይም 11,000 ማይል ሲጓዝ መሥራት ይጠበቅበት ነበር። ደመወዙ አነስተኛ ስለ ነበረ ኑሮው በመንገደኞች ጉርሻ ላይ የተመሠረተ ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያስመርረው ደግሞ የስሙ ነገር ነበር። መንገደኞች አሳላፊውን ሁሉ በኩባንያው መሥራች በጆርጅ ፑልማን ስም «ጆርጅ» እያሉ ይጠሩት ነበር፤ ይህም ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ ከነበረበት ዘመን የወረደ ልማድ ነው። በኩባንያው ማስታወቂያዎች ላይ አሳላፊው ነጭ ኮት ለብሶ በፈገግታ ሲያስተናግድ ይታያል፤ በእነዚያ ሥዕሎች ውስጥ እርሱ የምቾቱ አንዱ ዕቃ እንጂ ባለ ስም ሰው አልነበረም።

የመኝታ ፉርጎ አሳላፊዎች ወንድማማችነት ማኅበር ኦገስት 25 ቀን 1925 ዓ.ም. በሐርለም ተመሠረተ። ኩባንያው ሰላዮችን አሰማራ፤ አባል መሆኑ የታወቀበትንም ከሥራ አባረረ። ስለዚህ በብዙ ከተሞች መዋጮውን የሚሰበስቡትና ወረቀቱን የሚያደርሱት የአሳላፊዎቹ ሚስቶች ሆኑ። በዋሽንግተን ይህን ሥራ የመራችው ሮዚና ታከር ናት፤ ባለቤቷ በእርሷ ምክንያት ከሥራ በተባረረ ጊዜ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄዳ አለቃውን ፊት ለፊት ተናግራ ወደ ሥራው እንዲመለስ አድርጋለች። በ1928 ዓ.ም. የታሰበው የሥራ ማቆም ሳይፈጸም ስለ ቀረ የአባላቱ ቁጥር በእጅጉ አሽቆለቆለ፤ ቀጥሎም የኢኮኖሚው ውድቀት መጣ። ማኅበሩን ከሞት ያዳነው በ1934 ዓ.ም. የባቡር ሠራተኞች ሕግ መሻሻሉ ነው፤ ሕጉ ኩባንያው ሠራተኞቹ ከመረጡት ማኅበር ጋር እንዲደራደር ያስገድድ ነበርና። ውሉ የተፈረመው ኦገስት 25 ቀን 1937 ዓ.ም.፣ ማኅበሩ በተመሠረተ በ12ኛ ዓመቱ በዚያው ዕለት ነው። የወሩ የሥራ ጊዜ ከ400 ሰዓት ወደ 240 ወረደ። አንድ የጥቁሮች ማኅበር ከታላቅ የአሜሪካ ኩባንያ ጋር እንዲህ ያለ ውል ሲዋዋል የመጀመሪያው ነበር።

ራንዶልፍ ከዚህ በኋላ ወደ ቤተ መንግሥት ሲገባ ባዶ እጁን አልገባም። የተደራጀ፣ መዋጮ የሚከፍል፣ ከዳር እስከ ዳር በባቡር የሚመላለስና ወሬ የሚያደርስ ሕዝብ ከኋላው ነበረው። ጁን 18 ቀን 1941 ዓ.ም. ከፕሬዚዳንት ሩዝቬልት ጋር በተገናኘ ጊዜ፣ ጥቁሮች ከጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች ሥራ መከልከላቸው ካልቀረ ጁላይ 1 ቀን በዋሽንግተን አደባባይ ሰልፍ እንደሚደረግ አስታወቀ። ፕሬዚዳንቱ ስንት ሰው ይመጣል ብሎ ቢጠይቀው 100,000 ሲል መለሰ። ቁጥሩ እውነት ይሁን ወይም የድርድር ብልሃት ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል፤ ፕሬዚዳንቱ ግን ሊፈትነው አልወደደም። ከሰባት ቀን በኋላ፣ ጁን 25 ቀን፣ ቁጥር 8802 የሆነው ትእዛዝ ወጣ፤ በመከላከያ ኢንዱስትሪና በመንግሥት ሥራ በዘር ምክንያት ማበላለጥን ከለከለ። ሰልፉም ቀረ። ትእዛዙ በጦር ሠራዊቱ ውስጥ የነበረውን መለያየት ስላልነካ ከወጣቶቹ ወገን ራንዶልፍን የወቀሱት ነበሩ። እርሱም ወደዚሁ ጉዳይ በ1948 ዓ.ም. ተመለሰ፤ በማርች ወር ለፕሬዚዳንት ትሩማን፣ ቀጥሎም ለሴኔቱ ኮሚቴ፣ መለያየቱ ካልቀረ ጥቁር ወጣቶች ለውትድርና እንዳይመዘገቡ እመክራለሁ ብሎ ተናገረ። ጁላይ 26 ቀን ቁጥር 9981 የሆነው ትእዛዝ ወጣ።

ሁለቱም ታላላቅ ውጤቶች የሚታወሱት በፎቶግራፍ ሳይሆን በወረቀት መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። ፎቶግራፉ በገነነበት ጊዜ ደግሞ ወረቀቱ የቀጠነበት አጋጣሚ አለ፤ ለዚህም ጁን 23 ቀን 1958 ዓ.ም. በፕሬዚዳንት አይዘንሐወር ቢሮ የተነሣው ሥዕል ምስክር ነው። ስምንት ሰዎች በአንድ መሥመር ቆመዋል። ከግራ ወደ ቀኝ ሌስተር ግሬንጀር፣ ማርቲን ሉተር ኪንግ፣ ፍሬዴሪክ ሞሮ፣ ፕሬዚዳንቱ፣ ራንዶልፍ፣ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ዊሊያም ሮጀርስ፣ ሮኮ ሲሲሊያኖና ሮይ ዊልኪንስ ናቸው። ስማቸውን ሳያውቅ የሚመለከት ሰው አቤት ባዮቹ አምስት ጥቁሮች፣ መንግሥቱ ደግሞ ሦስት ነጮች ይመስሉታል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም፤ አራቱ አቤት ባዮች፣ አራቱ የመንግሥት ሰዎች ናቸው። በፕሬዚዳንቱና በኪንግ መካከል የቆመው ሞሮ የቤተ መንግሥቱ ባለሥልጣን ነበር፤ እንዲህ ባለ ማዕርግ በዋይት ሐውስ ከሠሩት ጥቁሮችም የመጀመሪያው ነው። በገዛ ወገኖቹና በአለቃው መካከል መቆሙ በሥዕሉ ላይ የአጋጣሚ ነገር ቢሆንም፣ በኑሮው ግን የዘወትር ዕጣው ነበር።

ከዚህ ስብሰባ ስድስት ሳምንት ቀደም ብሎ ፕሬዚዳንቱ በጥቁር ጋዜጣ አሳታሚዎች ጉባኤ ላይ ትዕግሥትን መክሮ ብዙዎችን አስቆጥቶ ነበር። ስብሰባው ከመደረጉ ጥቂት ቀናት በፊትም በአርካንሳስ አንድ የፌዴራል ዳኛ በሊትል ሮክ ከተማ ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች አብረው መማራቸው ለሁለት ዓመት ተኩል ይዘግይ ብሎ ፈርዷል። በዚህ ጊዜ ራንዶልፍ የአራቱ አፈ ጉባኤ ሆኖ ዘጠኝ ነጥብ ያለበትን ጽሑፍ አነበበ። የፕሬዚዳንቱ መልስ፣ ከአምስት ዓመት ተኩል ድካም በኋላ የጥቁሮች ምሬት ከፍ ብሏል መባሉን መስማት እንዳሳዘነው የሚገልጽ ነበር። የተለየ ተስፋ አልሰጠም። ጎብኚዎቹ ፎቶግራፍ ይዘው ወጡ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1963 ዓ.ም. የሆነው ከዚህ ይለያል፤ ምክንያቱም በዚህ ጊዜ ራንዶልፍ የ1941ን ስልት መልሶ አንሥቷል። የሰልፉን ሐሳብ በ1962 ዓ.ም. መጨረሻ ከባያርድ ረስቲን ጋር ሲያወጡት በመጀመሪያ የታሰበው ሰልፍ ስለ ሥራ ነበር። ራንዶልፍ የሚያየው አሳሳቢ ነገር ፋብሪካዎች በአዳዲስ መኪናዎች ሲተኩ ሥራ የሚያጡት አስቀድመው ጥቁር ሠራተኞች መሆናቸው ነው። የበርሚንግሃም ሁከት ከተነሣ በኋላ «ነፃነት» የሚለው ቃል ታከለበትና፣ ሙሉ ስሙ «ስለ ሥራና ስለ ነፃነት ወደ ዋሽንግተን የሚደረግ ሰልፍ» ተባለ። በኋላ ዘመን ሰዎች የመጀመሪያውን ቃል ጥለው ሁለተኛውን ብቻ አስቀርተዋል። ከሰልፉ ጥያቄዎች መካከል ዝቅተኛው የሰዓት ደመወዝ፣ ያን ጊዜ ከነበረበት ከ1 ዶላር ከ15 ሳንቲም ወደ 2 ዶላር ከፍ እንዲል፣ መንግሥትም ለሥራ ፈቶች ሁሉ ሥልጠናና ሥራ እንዲያዘጋጅ የሚሉት ይገኙባቸዋል።

ጁን 22 ቀን ፕሬዚዳንት ኬኔዲ መሪዎቹን ጠርቶ፣ ሰልፉ ለምክር ቤት ያቀረበውን የሲቪል መብት ረቂቅ እንዳያሰናክልበት ሥጋቱን ገለጸላቸው። የራንዶልፍ መልስ፣ ሕዝቡ አስቀድሞ አደባባይ ወጥቷልና የሚመራው የታወቀ ድርጅት ቢኖር ይሻላል የሚል ነበር። ያን ቀን የተነሣ ፎቶግራፍም አለ፤ ራንዶልፍ በእርሱም ላይ ይታያል።

በኦገስት 28 ቀን የመጣው ሕዝብ 250,000 ያህል ነበር። ከዚያ ዕለት ሥዕሎች መካከል መሪዎቹ ክንድ ለክንድ ተያይዘው በሰልፉ ግንባር ሲሄዱ የሚያሳየው በጣም የታወቀ ነው። ነገር ግን መሪዎቹ ጧት ከምክር ቤት አባላት ጋር ሲነጋገሩ ሳሉ ሕዝቡ ሳይጠብቃቸው ተነሥቶ መጓዝ ጀምሮ ነበር፤ እነርሱም ሮጠው ደርሰው፣ በሰዉ መካከል ቦታ ተከፍቶላቸው ለካሜራው ቆሙ። የሠራተኞች መሪ ለነበረው ለራንዶልፍ ይህ ነገር እንግዳ የሚሆንበት አይመስልም፤ አባላቱ ቀድመውት የሄዱበት ጊዜ ያልገጠመው የማኅበር መሪ የለምና።

ወደ ዋይት ሐውስ የገቡት አሥሩ የሰልፉ መሪዎች ናቸው። ከአሥሩ አንዱ መሆን የነበረበት ጄምስ ፋርመር በዚያ ሰዓት በሉዊዚያና እስር ቤት ስለ ነበረ በእርሱ ፈንታ ፍሎይድ ማኪሲክ መጣ። ሰልፉን በሁለት ወር ያሰናዳው ረስቲን በሥዕሉ ውስጥ የለም፤ ሰልፉ ሊደረግ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሴናተር ስትሮም ተርመንድ በሴኔት ውስጥ የግል ሕይወቱን እያነሣ ከሶት፣ ራንዶልፍ ግን እምነቱ በእርሱ ላይ የጸና መሆኑን አስታውቆ ነበር። ከአሥሩ መካከል አንዲትም ሴት የለችም። የሰልፉ ኮሚቴ አባል የነበረችው አና አርኖልድ ሄጅማን ለሴቶች የንግግር ቦታ አለመሰጠቱን በጽሑፍ ለራንዶልፍ አቤት ብላለች። ማኅበሩ በሴቶች መዋጮ መሰብሰብ የቆመ ስለ ሆነ፣ አቤቱታዋ ከሁሉ ይልቅ በእርሱ ላይ የሚከብድ ነበር፤ ሥዕሉም የፈረደው ለእርሷ ነው።

በሥዕሉ ውስጥ የሌለ አንድ ሌላ ሰው አለ፤ የአሜሪካ የሠራተኞች ፌዴሬሽንና የኢንዱስትሪ ማኅበራት ኮንግሬስ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ሚኒ። ራንዶልፍ የዚህ ታላቅ ፌዴሬሽን ምክትል ፕሬዚዳንት ነበር፤ በአንዳንድ የፎቶግራፍ መግለጫም የሚጠራው በዚሁ ማዕርግ ነው። ይህን ያነበበ ሰው የአሜሪካ ሠራተኞች በሙሉ ከሰልፉ ጋር የቆሙ ሊመስለው ይችላል። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ራንዶልፍ ነጮች ብቻ የሚገቡባቸው ማኅበራት ከፌዴሬሽኑ እንዲወጡ በ1959 ዓ.ም. ጉባኤ ላይ አጥብቆ ሲከራከር፣ ሚኒ ተቆጥቶ የጥቁሮች ሁሉ ጠባቂ አድርጎ የሾመህ ማን ነው የሚል ጥያቄ ወረወረበት። በ1961 ዓ.ም. ሥራ አስፈጻሚው ጉባኤ ራንዶልፍን በይፋ ነቀፈው። ሰልፉ ሊደረግ ጥቂት ሳምንት ሲቀረውም ያው ጉባኤ ሰልፉን ለመደገፍ ፈቃደኛ አልሆነም፤ ለየማኅበሩ ምርጫ ተወው። እንግዲህ ከኬኔዲ ግራና ቀኝ የቆሙት ራንዶልፍና ሮይተር በዚያ ጉባኤ ውስጥ በድምፅ የተሸነፉት ሰዎች ናቸው። መግለጫው የሰጣቸው ማዕርግ ትክክለኛ ቢሆንም፣ የሚያስተላልፈው መልእክት ግን የተሳሳተ ነው።

ፎቶግራፉ የማይነግረን የክፍሉ ንግግር በሌላ መንገድ ደርሶናል፤ ኬኔዲ በቢሮው በድብቅ ድምፅ ይቀዳ ስለ ነበረ የዚያን ቀን ስብሰባ የያዘ ክር በቤተ መዛግብቱ ይገኛል። ከጧት ጀምሮ እህል ያልቀመሱት እንግዶች ምግብ ቀረበላቸው፤ ከዚያ በኋላ ንግግሩ ወደ ምክር ቤቱ ድምፅ ቆጠራ አዘነበለ። ፕሬዚዳንቱ በየክፍለ ግዛቱ የሚገኘውንና የሚጎድለውን ድምፅ ሲያሰላ ይሰማል። ራንዶልፍ ግን በረቂቁ ላይ ብቻ አላቆመም። ትምህርት ስላቋረጡ፣ ሥራ ስላጡና በማንም ላይ እምነት ስላልቀራቸው ወጣቶች ተናገረ፤ ሕጉን ለማሳለፍም የመስቀል ጦርነት ያህል ዘመቻ ያስፈልጋል፣ እርሱንም ሊመራ የሚችለው ፕሬዚዳንቱ ራሱ ነው አለ። የንግግሩ ትሕትና እንደ ተጠበቀ ሆኖ፣ ይህ በቀጥታ ኃላፊነትን ማሸከም ነበር። ሥዕሉን ብቻ ያየ ሰው ሽማግሌው በታላቅ ሰው ጎን በመቆሙ የተከበረ ይመስለዋል፤ ድምፁን የሰማ ግን ሁለት ተደራዳሪዎችን ያገኛል።

ኢትዮጵያዊ አንባቢ የዚያን ወቅት የዋሽንግተን ፎቶግራፎች በሌላ በኩል ያውቃቸዋል። ከሰልፉ 34 ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 1 ቀን፣ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በባቡር ዋሽንግተን ሲደርሱ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ የተቀበላቸው በዩኒየን ስቴሽን ነበር። ጣቢያው የመኝታ ፉርጎዎች የሚነሡበትና የሚደርሱበት፣ አሳላፊዎቹም የሚመላለሱበት ነበር። ዛሬ በዚያው ጣቢያ የራንዶልፍ የነሐስ ሐውልት ቆሟል።

ኬኔዲ ሰልፉ በተደረገ በ86ኛው ቀን ተገደለ። ሕጉን ጁላይ 2 ቀን 1964 ዓ.ም. የፈረመው ጆንሰን ነው፤ የሕጉም ሰባተኛ ክፍል በሥራ ቅጥር ማበላለጥን ስለሚከለክል፣ የ1941 ትእዛዝ ለጦርነቱ ጊዜ ብቻ የጀመረውን ነገር ቋሚ አደረገው። በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ጆንሰን ለራንዶልፍ የፕሬዚዳንቱን የነፃነት ሜዳይ ሸለመው። የሰዓት ደመወዙና ለሁሉም ሥራ የማዘጋጀቱ ጥያቄ ግን በሕጉ ውስጥ አልነበረም። ራንዶልፍ በ1966 ዓ.ም. «የነፃነት በጀት» ብሎ ጥያቄውን በአዲስ መልክ ቢያቀርብም ምክር ቤቱ አልተቀበለውም፤ የቪየትናም ጦርነት ገንዘቡንም አሳቡንም ወስዶ ነበር።

ከእነዚህ ሥዕሎች ሁሉ ለሰውዬው ሥራ ይበልጥ የቀረበው በሴፕቴምበር 6 ቀን 1963 ዓ.ም. በ«ላይፍ» መጽሔት ሽፋን ላይ የወጣው ሳይሆን አይቀርም። በእርሱ ላይ ኬኔዲም ኪንግም የሉም፤ በሊንከን ሐውልት ፊት ራንዶልፍና ረስቲን ቆመዋል።

አሳላፊዎቹን በተመለከተ ግን የፕሬዚዳንቶቹ ፎቶግራፎች የሚሰጡት ብዙ አይደለም። አውሮፕላንና አውቶሞቢል የመኝታ ፉርጎውን ስላጠፉት ማኅበሩ በ1978 ዓ.ም. ከሌላ የባቡር ሠራተኞች ማኅበር ጋር ተዋሐደ፤ ራንዶልፍም በሚቀጥለው ዓመት በ90 ዓመቱ አረፈ። የማኅበሩ ወረቀቶች በኮንግሬስ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። የፑልማን ኩባንያ መዝገብ ደግሞ በቺካጎ በኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል፤ መንገደኛ ሁሉ «ጆርጅ» ይላቸው የነበሩት ሰዎች በዚያ በየራሳቸው ስም ተመዝግበው ይገኛሉ።